ረጅም ማካፈልን ከካልኩሌተር ጋር እንዴት ተማርኩት?

የትምህርት ዓምድ
አዘጋጅ፦ ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን ስለ ረጅም ማካፈል ልጽፍላችሁ ነው። «ኧረ እሱን እኮ ታች ክፍል ጨርሰነዋል!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ጉዴ የወጣው ዘንድሮ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር የሒሳብ መምህራችን አሥር የማካፈል ጥያቄዎች የቤት ሥራ ሰጡን። ማታ የእህቴን ስልክ ተቀበልኩና በካልኩሌተሩ እየነካካሁ አሥሩንም በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ። 10 ከ10 አገኘሁ። በሳምንቱ አጭር ፈተና መጣ። ጥያቄዎቹ ያው ነበሩ፣ የተቀየረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ግን ስልክ የለም። 2 ከ10 አገኘሁ።

መምህራችን አስጠሩኝና ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከዚያ «ከሁለቱ ያንቺ የቱ ነው?» አሉኝ። አልተቆጡኝም፣ ጠየቁኝ ብቻ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ምን ልበል? መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። «ሁለተኛ ስልኬን እንዳትነኪ» ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን «መልሱን ብቻ የሚሰጥሽን ትተሽ አሠራሩን የሚያሳይሽን ፈልጊ» አለችኝ። ኢንተርኔት ከፍታ «ሎንግ ዲቪዥን ካልኩሌተር» ብላ በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ብዙ ገጽ መጣ። አንዱን ከፈተችና «ካርዴን እንዳትጨርሺው» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

1. ይህ ካልኩሌተር ከሌላው በምን ይለያል?

ተራው ካልኩሌተር ሁለት ቁጥር ስንሰጠው መልሱን ብቻ ይጥልልናል። ይኸኛው ግን ልክ መምህር ሰሌዳ ላይ እንደሚሠሩት እያንዳንዱን መስመር ከላይ ወደ ታች ይጽፋል። የትኛውን አሃዝ እንዳካፈለ፣ ስንት እንደቀነሰ፣ የትኛውን አሃዝ እንዳወረደ ይታያል። ገጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አራት ቃላት ማወቅ ይበቃል። ዲቪደንድ ተካፋይ ነው። ዲቫይዘር አካፋይ ነው። ኮሽንት ድርሻ ነው። ሪሜይንደር ደግሞ ቀሪ ነው።

ለምሳሌ 17ን ለ5 ስናካፍል ተካፋዩ 17፣ አካፋዩ 5፣ ድርሻው 3፣ ቀሪው 2 ነው። ልክ መሆኑን ለማወቅ አካፋዩን በድርሻው አባዝተን ቀሪውን እንደምራለን፦ 5 × 3 = 15፣ 15 + 2 = 17። ተካፋዩ ተመልሶ መጣ ማለት ልክ ሠርተናል ማለት ነው። ይህችን ማረጋገጫ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

2. ማየት መሥራት አይደለም

በመጀመሪያው ማታ አምስት ጥያቄ ለካልኩሌተሩ ሰጥቼ አሠራሩን አየሁ። «አሃ፣ ገባኝ!» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ስድስተኛውን ራሴ ልሥራ ስል ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። እማዬ እንጀራ ስትጋግር ከልጅነቴ ጀምሮ አያለሁ። ራሴ ምጣድ ላይ ሳሰፋ ግን ዙሪያው ተቆራርጦ የሀገር ካርታ መሰለ። ማካፈሉም እንደዚያው ሆነብኝ። ስለዚህ ከእህቴ ጋር ሆነን እነዚህን ደንቦች አወጣን፦

አንደኛ፦ ስልኩ ሳይከፈት በፊት ጥያቄውን በወረቀት እስከ መጨረሻው መሥራት። ቢሳሳትም ይሳሳት።

ሁለተኛ፦ ከመጀመሬ በፊት ድርሻው በግምት ስንት እንደሚሆን ጠርዝ ላይ መጻፍ።

ሦስተኛ፦ ከዚያ ካልኩሌተሩን ከፍቶ መስመር በመስመር ማመሳከር። መልሱን ብቻ አይቶ «ልክ ነኝ» ወይም «ተሳሳትኩ» ብሎ መዝጋት ክልክል ነው።

አራተኛ፦ የእኔና የካልኩሌተሩ መጀመሪያ የተለያዩበትን መስመር በቀይ ማክበብ። ስልኩን ዘግቶ ከዚያ መስመር ጀምሮ እንደገና መሥራት።

አምስተኛ፦ ስህተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር «የስህተት ደብተር» ላይ መጻፍ።

ለስህተት ደብተሬ ካለቀ የአማርኛ ደብተር የተረፉትን ወረቀቶች ሰፋሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሠላሳ ጥያቄ ሠራሁ። ስህተቴ ሠላሳ ዓይነት ይሆናል ብዬ ነበር። ሳነበው ግን ሦስት ዓይነት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እነሱንም አንድ በአንድ ላሳያችሁ።

3. የመጀመሪያው ስህተት፦ ዜሮዋን መርሳት

የግቢያችን የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ ለማሠሪያ 2,436 ብር ወጣ። በግቢው 12 ቤት አለ። ገንዘቡን የምትሰበስበው እማዬ ስለሆነች «ለአንድ ቤት ስንት ይደርሳል? ነይ አስቢልኝ» አለችኝ። እኔም በወረቀት ሠራሁና በኩራት «23 ብር» አልኳት።

እማዬ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ወረቀቱን አላየችም። «ምን እያልሽ ነው ልጄ? 12 ሰው ሃያ ሃያ ብር ቢያዋጣ 240 ብር ነው። 23 ቢያዋጡ ሦስት መቶ እንኳን አይሞላ! የቀረውን ሁለት ሺህ እኔ ከመቀነቴ ልፈታ?» አለችኝ። እህቴ ሳቀች። እኔ አፈርኩ።

ካልኩሌተሩን ከፍቼ ሳመሳክር መልሱ 203 ነው። የተለያየነው ሁለተኛው እርምጃ ላይ ነበር። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦

• 24 ለ12 ሲካፈል 2 ነው። 2ን ከላይ ጻፍን። 2 × 12 = 24፣ 24 − 24 = 0።
• 3ን አወረድን። 3 ለ12 አይደርስም። ስለዚህ ከላይ 0 ጻፍን።
• 6ን አወረድን፣ 36 ሆነ። 36 ለ12 ሲካፈል 3 ነው። 3 × 12 = 36፣ 36 − 36 = 0።
• ድርሻ 203፣ ቀሪ 0።

እኔ 3ን ሳወርድ «አይደርስም» ብዬ ዝም ብዬ 6ን ጨመርኩበት። ዜሮዋን አልጻፍኳትም። ካልኩሌተሩ ዜሮ እንደሚጻፍ አሳየኝ፣ ለምን እንደሚጻፍ ግን አልነገረኝም። ያስረዳችኝ እማዬ ናት፣ በብር።

2,436 ብርን እንዲህ አስቡት፦ 24 ባለ መቶ ብር፣ 3 ባለ አሥር ብርና 6 አንድ አንድ ብር። ለ12 ቤት ባለ መቶዎቹን ስናድል ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይደርሰዋል። ባለ አሥሮቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ለ12 ቤት አይዳረሱም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የደረሰው ባለ አሥር ዜሮ ነው። ታዲያ ሦስቱን ምን እናድርጋቸው? እንዘረዝራቸዋለን! 30 አንድ አንድ ብር ይሆናሉ፤ ከ6ቱ ጋር 36። አሁን ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ይደርሳል። ሁለት መቶ፣ ዜሮ አሥር፣ ሦስት አንድ፦ 203 ብር።

ያን ቀን ነው «ማውረድ» የሚባለው ነገር የገባኝ። አሃዝ ስናወርድ የተረፈውን ብር ዘርዝረን ከታችኛው ጋር እየቀላቀልን ነው። ዜሮዋ ደግሞ ባዶ ጌጥ ሳትሆን የአሥር ቤት ጠባቂ ናት። እሷ ከጠፋች መቶዎቹ ወርደው አሥር ይሆናሉ።

4. ሁለተኛው ስህተት፦ ትንሽ አሃዝ መምረጥ

1,817ን ለ23 ስናካፍል መጀመሪያ 181 ውስጥ ስንት 23 እንዳለ እንጠይቃለን። እኔ 6 ብዬ ገመትኩ። 6 × 23 = 138፣ 181 − 138 = 43። ከዚያ ዝም ብዬ ቀጠልኩና መልሱ ተበላሸ።

ቆም ብዬ ማየት የነበረብኝ ምንድን ነው? 43 ከ23 ይበልጣል። ከተቀነሰ በኋላ የተረፈው ከአካፋዩ ከበለጠ ወይም እኩል ከሆነ ገና አንድ ድርሻ ይወጣዋል ማለት ነው። ስለዚህ 6 ትንሽ ነው። 7 ስንሞክር 7 × 23 = 161፣ 181 − 161 = 20። 20 ከ23 ስለሚያንስ ልክ ነው። 7 አወረድን፣ 207 ሆነ። 9 × 23 = 207። ድርሻው 79፣ ቀሪ የለውም።

ጠቃሚ ዘዴ፦ አካፋዩ ባለ ሁለት አሃዝ ሲሆን ከመጀመራችሁ በፊት የእሱን ብዜት ከ1 እስከ 9 ጠርዝ ላይ ጻፉ። 23፣ 46፣ 69፣ 92፣ 115፣ 138፣ 161፣ 184፣ 207። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፣ ግን ከዚያ በኋላ መገመት የለም፣ ማየት ብቻ ነው።

5. ሦስተኛው ስህተት፦ መቀነስ

ይህ የሚያሳፍር ነው፣ ግን እውነቱን ልናገር። ብዙ ጊዜ ማካፈል አልቻልኩም ስል ያልቻልኩት መቀነስ ነበር። በተለይ ከጎረቤት አሃዝ መበደር ሲኖር እረሳለሁ። ካልኩሌተሩ ባያሳየኝ «ማካፈል ከባድ ነው» እያልኩ እስከ ስምንተኛ ክፍል እሄድ ነበር። ስለዚህ እናንተም ከመማረራችሁ በፊት የተሳሳታችሁበት መስመር የቱ እንደሆነ ፈልጉ። ችግሩ ከማካፈሉ ሳይሆን ከማባዛቱ ወይም ከመቀነሱ ሊሆን ይችላል።

6. ካልኩሌተሩ የደበቀው ቀሪ

አንድ ቀን አያቴ ሊጠይቁን መጡ። አያቴ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ። ስልክ ይዤ ሲያዩኝ «እስኪ በዚህ ዕቃሽ ዘንድሮ ዘመነ ማን እንደሆነ አውጪልኝ» አሉኝ። አሠራሩንም ነገሩኝ፦ በ5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሪ፣ ለ4 አካፍዪ፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው።

ዓመቱ 2018 ነበር። 5500 + 2018 = 7518። ተራውን ካልኩሌተር ነካሁና «1879.5» አልኳቸው። አያቴ «ነጥብ አምስት የሚባል ወንጌላዊ አላውቅም!» ብለው ሳቁ። «ቀሪው ስንት ነው?» አሉኝ።

ወረቀት አወጣሁ። 7 ለ4፣ 1 ደርሶ 3 ተረፈ። 5 ሲወርድ 35፣ 8 ደርሶ 3 ተረፈ። 1 ሲወርድ 31፣ 7 ደርሶ 3 ተረፈ። 8 ሲወርድ 38፣ 9 ደርሶ 2 ተረፈ። ድርሻ 1879፣ ቀሪ 2። ዘመነ ማርቆስ! አያቴ «ጎሽ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ከዚያ ቀጠሉ፦ «ድርሻውን ከዓመቱ ጋር ደምረሽ ለ7 አካፍዪ፣ መስከረም 1 የዋለበትን ቀን ይነግርሻል።» 7518 + 1879 = 9397። 9397 ለ7 ሲካፈል ድርሻው 1342፣ ቀሪው 3 ነው። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ቀሪ ከሌለ ሰኞ ነው። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር፣ ልክ ነው! ተራው ካልኩሌተር ግን 1342.428571 ብሎ ይቀጥላል። ከዚያ ውስጥ ሐሙስን ማን ያያል?

ቀሪውን ከነጥብ ማውጣትም ይቻላል። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በአካፋዩ ማባዛት ነው። ለ4 ያካፈልነው 0.5 × 4 = 2። ለ7 ያካፈልነው 0.428571 × 7 ደግሞ 2.999997 ይሆናል፣ ማለትም 3። ሙሉ 3 ያልሆነው ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ስለማያልቅና እኛ ስለቆረጥነው ነው። ግን ይህን ለማድረግም ማካፈል ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል።

7. ካልኩሌተሩ የማይመልሰው ጥያቄ

50 ተማሪዎች አሉ፣ አንድ ዴስክ 4 ተማሪ ይይዛል፣ ስንት ዴስክ ያስፈልጋል? ካልኩሌተሩ 12.5 ይላል። ግማሽ ዴስክ አይሠራም። 12 ብንል ሁለት ልጆች ይቆማሉ። መልሱ 13 ነው። 50 ብር ይዘን ባለ 4 ብር እርሳስ ብንገዛ ግን 12 እርሳስ ገዝተን 2 ብር መልስ እንቀበላለን። ቁጥሩ አንድ ነው፣ መልሱ ሁለት። ቀሪውን ምን እንደምናደርገው የምንወስነው እኛ ነን።

ደግሞም ካልኩሌተር የነካነውን ነው የሚሠራው። 2,436 ለማለት 2,346 ብንነካ «ተሳስታችኋል» አይለንም። እማዬ ግን ወረቀት ሳታይ ነው ስህተቴን ያገኘችው፣ በግምት። ስለዚህ ስልክም ይዘን መገመትን አንተው።

8. ስልክ የሌለንስ?

ብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ዓይነት ስልክ የለም፣ ቢኖርም ካርድ የለም። ምንም አይደለም። በቁጥር 1 ያዙልኝ ያልኳችሁን ማረጋገጫ አስታውሱ፦ አካፋይ × ድርሻ + ቀሪ = ተካፋይ። ይህ በእጃችን ያለ ካልኩሌተር ነው። ስህተቱ የት መስመር ላይ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አጠገባችሁ ካለው ጓደኛችሁ ጋር አንድ ጥያቄ ለየብቻ ሠርታችሁ መስመር በመስመር አመሳክሩ።

ጥያቄ ካጣችሁ ራሳችሁ ፍጠሩ። ሁለት ቁጥር አባዙ፣ ለምሳሌ 34 × 15 = 510። ከ15 የሚያንስ ቁጥር ጨምሩ፣ 510 + 8 = 518። አሁን 518ን ለ15 አካፍሉ ብላችሁ ለጓደኛችሁ ስጡ። መልሱ 34 ቀሪ 8 እንደሆነ እናንተ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ባለፈው ወር መምህራችን እንደገና ፈተኑን። 8 ከ10 አገኘሁ። ሁለቱን የሳትኩት በመቀነስ ነው፣ የስህተት ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «ይኸኛውስ ያንቺ ነው?» አሉኝ። «አዎ ቲቸር፣ ከነስህተቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

ለእናንተ የቀረቡ ጥያቄዎች (መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ)

ሀ. 945 ÷ 9
ለ. 3,648 ÷ 12
ሐ. 1,000 ÷ 24 (ከቀሪ ጋር)
መ. 275 ተማሪዎች ለጉብኝት ሊሄዱ ነው። አንድ አውቶቡስ 60 ሰው ይይዛል። ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል?
ሠ. 2019 ዓ.ም. ዘመነ ማን ነው? መስከረም 1 የሚውለውስ ምን ቀን ነው?

መልስ (አደራ፣ ሳትሠሩ እንዳታዩ!)

ሀ. 105። ለ. 304። ዜሮዋን የረሳ 15 እና 34 ያገኛል።
ሐ. 41 ቀሪ 16።
መ. 4 ደርሶ 35 ተማሪ ይቀራል፣ ስለዚህ 5 አውቶቡስ።
ሠ. 7519 ለ4 ድርሻው 1879፣ ቀሪው 3፣ ስለዚህ ዘመነ ሉቃስ። 7519 + 1879 = 9398፣ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 4፣ ስለዚህ ዓርብ። ዘመነ ሉቃስ ስለሆነም በዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች።

የተለየ መልስ ያገኘ ወይም እኔ የተሳሳትኩትን ያየ ተማሪ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ይምጣ፣ ከነወረቀቱ! መስመር በመስመር አብረን እናያለን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።